ያፈገፈገው ሮቦት

አለቃው ወንበሩ ላይ እንደተደገፈ ነው የሞተው። የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ወርዷል፤ ግማሹ የተጠጣ ሻይ ከኪቦርዱ አጠገብ ቀዝቅዟል። ፊት ለፊቱ ባለው ስክሪን ላይ ቤት የሚያካክሉ ሮቦቶች በእሳት ይነድዳሉ፤ «ተሸንፈሃል» የሚል ቀይ ጽሑፍም ብልጭ ድርግም ይላል። ከግንቡ ጀርባ አንድ አሮጌ ሮቦት ብቻ ሳይነካ ቆሟል።

መርማሪዋ ሬሳውን ካዩበት ጊዜ ይልቅ ስክሪኑን ያዩበት ይረዝማል። ጡረታ ለመውጣት ሦስት ወር የቀራቸው ሴት ናቸው። ሳያበጥሩ የሚያሳልፉት ነገር ስለሌለ ባልደረቦቻቸው እትዬ ወንፊት ይሏቸዋል። ስለ ቪዲዮ ጌም የሚያውቁት፣ የእህታቸውን ልጆች ከእራት ገበታ እንደሚያስቀር ብቻ ነው።

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከአለቃው ሌላ ሦስት ሰዎች ይሠሩበታል። የሚሠሩትም ተጫዋቹ ጦር አዝማች ሆኖ፣ ብረት እያስቆፈረ፣ የጃፓን አኒሜ ካርቱን የሚመስሉ ግዙፍ ሮቦቶችን እየገነባ የሚያዋጋበት ጌም ነው። ለገበያ ሊቀርብ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። አለቃው በየቀኑ ከጧቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት በሩን ዘግቶ ከኮምፒውተሩ ጋር ይጋጠማል፤ ሠራተኞቹ ደግሞ በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ እያዩ ስሕተት ይለቅማሉ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ ፕሮግራመሩ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። «አራት ሰዓት ላይ ሲሸነፍ ደነገጥኩ። አለቃችን ተሸንፎ አያውቅም። ምን ነካው ብዬ ገባሁ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ አንኳኩቼ ነበር። መልስ የለም። ሮቦቶቹ ይንቀሳቀሱ ስለነበር፣ አኩርፎኝ ነው ብዬ ተመለስኩ። ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፤ ትናንት ዕረፍት ከልክሎኝ ተጣልተን ነበር።»

ከፖሊሶቹ ጋር የመጣው ሐኪም ሻዩን አሽትቶ «መርዝ አለበት» አለ። መርዙ የጠጣውን ሰው ከሩብ ሰዓት በላይ አያቆይም። ሟቹ እስከ አራት ሰዓት ሲጫወት ከታየ፣ መርዙን የጨመረው ሩብ ጉዳይ ላይ በሩ ላይ የነበረ ሰው ነው ማለት ነው። ፕሮግራመሩም ይህ ገብቶታል፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

የጌሙ ድምፅ ሠሪ ጧት ከክፍሉ አልወጣም። «በርሜል ላይ የአሸዋ ከረጢት እየጣልኩ የሮቦት ኮቴ ስሠራ ነበር» አለ። «ካላመኑኝ ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን ይጠይቁ። ጧቱን ሙሉ ሲረግሙኝ ነበር።»

ሠዓሊዋ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሦስት ሰዓት ላይ ለአለቃው አንድ ንድፍ አሳይታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ከወንበሯ አልተነሳችም። ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ፕሮግራመርም ይህንኑ መሰከረላት።

እትዬ ወንፊት የጠረጴዛዋ መብራት ላይ የተሰካች ፎቶ አዩ። ግራ ትከሻው ላይ አራት ማዕዘን እራፊ የተጣፈበት ጃኬት የለበሰ ሰው ይስቃል።

«ማነው?»

«ታላቅ ወንድሜ። ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር» አሉና ወደ ፕሮግራመሩ ተመለሱ። «ልጄ፣ እዚህ ቤት አንዱ የሌላውን ጦር ከራሱ ጠረጴዛ ማዘዝ ይችላል?»

«ይችላል። ስንፈትሽ እንረካከባለን። የአለቃችንን ግን ማንም ደፍሮ አይነካም።»

እትዬ ወንፊት የተቀዱትን ጨዋታዎች አስከፍተው ምሳ ሳይበሉ ሲያዩ ዋሉ። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቧቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ።

«አሥራ ሁለት ጨዋታ አይቼ ዓይኔ ሊጠፋ ነው» አሉ። «ይህን አሮጌ ሮቦት ምን ትሉታላችሁ?»

«ጋሼ» አለ ድምፅ ሠሪው። «አለቃችን ማጥመጃ ያደርገዋል። ሁልጊዜ ቀድሞ እሱን ይልካል፤ ጠላት እሱን ሲቀጠቅጥ በጎን ይገባል።»

«በአሥራ አንዱ ጨዋታ እንደዚያ ሞቷል። ዛሬም ተልኮ ነበር፤ እዩት።»

ጋሼ እያነከሰ ወደ እሳቱ ሲሄድ ታየ። ሦስት ሰዓት ከስምንት ላይ ጦሩ ሁሉ ትእዛዝ አጥቶ ቆመ። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ጋሼ ዞረ። ከግንቡ ጀርባ ገብቶ ተጠገነ፤ ጤነኞቹ ሮቦቶች ከበውት እሱን ሲከላከሉ አንድ በአንድ ነደዱ።

«እኔ እኮ አዲስ ዘዴ መስሎኝ ነበር» አለ ፕሮግራመሩ።

«አለቃችሁ በነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ የተጫወተው ሌላ ሰው ነው፤ አለቃችሁ በሕይወት ያለ እንዲመስል። መርዙ የገባው እንግዲህ ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ ሳይሆን ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያኔ የገባችው አንዲት ሰው ናት። አሁን የጋሼን ግራ ትከሻ ተመልከቱ። እዚያ መብራት ላይ ያለውን ፎቶም።»

በትከሻው ብረት ላይ አራት ማዕዘን እራፊ ተበይዷል። ሁሉም ወደ ሠዓሊዋ ዞሩ።

«ጋሼን እንደ አለቃሽ ብትልኪው ኖሮ ማንም አይነቃብሽም ነበር» አሉ እትዬ ወንፊት ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ» አለች። «ንድፉን ሲያይ ሻዩ ውስጥ ስጨምር እጄ አልተንቀጠቀጠም። ጋሼን ወደ እሳት ለመላክ ግን እምቢ አለኝ። እነዚህን ሮቦቶች በሙሉ የሣላቸው ወንድሜ ነው። አለቃችሁ ነጥቆ አባረረው፤ ወንድሜ የኔ ናቸው እያለ ሲለፍፍ የሚያምነው አጥቶ፣ በብስጭት ተቃጥሎ ሞተ። እኔ እዚህ የተቀጠርኩት ለዚህች ቀን ነው።» ከዚያ በጥላቻ ወደ ፕሮግራመሩ ዞረች። «የወንድሜን ስም ከጌሙ ላይ የሰረዝከው አንተ ነህ። በሩን ስታንኳኳ ሳይ እስከ አራት ሰዓት የተጫወትኩት፣ አንተም ወህኒ እንድትበሰብስ ፈልጌ ነው። ልጅህ ሲወለድ እንዳታየው።»

«አጥፋ ተባልኩ፣ አጠፋሁ» አለ ፕሮግራመሩ። «እህቱ መሆንሽን አላወቅኩም። ስሙን ንገሪኝ፣ አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።»

«ያጠፋኸው አንተ ነህ፤ አንተው አስታውሰው።»

ፖሊሶቹ ይዘዋት ወጡ። እትዬ ወንፊት ቦርሳቸውን አንስተው ከኋላ ተከተሉ። ፕሮግራመሩ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ። ስክሪኑ ላይ ጋሼ ከግንቡ ጀርባ እንደቆመ ነው። ከሰረዘው ስም የመጀመሪያውን ፊደል እንኳ ማስታወስ አልቻለም።