የጾም የሙዝ ዳቦ

«ኩፍ ብሏል! ካሚላ፣ ነይ እዪው፣ ኩፍ ብሏል!»

ጸሎት ወንበር ላይ ቆማ ድስቱን ለማየት አንገቷን አስግጋለች። ካሚላ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ክዳኑን ስታነሳ የሙዝና የቀረፋ ሽታ ፊቷን አወዳት። እውነትም ድስቱ ውስጥ በተነጠፈው ትኩስ አሸዋ ላይ የተቀመጠው ዳቦ ከቆርቆሮው ጠርዝ በላይ ወጥቶ፣ ጀርባው ቀላ ብሎ፣ መሃሉ ትንሽ ተሰንጥቋል። ካሚላ አሥራ አራት ዓመት እንደሞላት ረስታ ከስድስት ዓመቷ ጸሎት ጋር እየዘለለች ጮኸች። መርካቶ እሑድ እሑድ ድምጿን ስለምትቀንስ ጩኸታቸው ከሲኒማ ራስ ጀርባ ያለውን ጠባብ ግቢ ሞላው።

መጮህ ሲያንሳት ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጋግራ ሁለቱም ተበላሽቶባታል። የሐሙሱን ወንድሟ ሙስዓብ አንኳኩቶ «ይሄንንስ ሜዳ ወስደን ጎል እናድርገው» ብሎ አላገጠበት። የትናንቱ ደግሞ ላዩ አምሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ስላገኘችው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ የሙዝ ዳቦ መጋገር ቀላል ቢሆን ኖሮ ስልኩ ላይ የምታስተምረው ሴትዮ ሦስት እንቁላል ባልሰበረች። ካሚላ ግን እልኸኛ ናት። ማታውኑ ጭድ ተራ ወርዳ፣ ባለጋሪው ማሙሸት የሚገዛው አጥቶ ያስቀመጠውን የጠቆረ ሙዝ ሁሉ ሰብስባ መጣች።

ጩኸቱን ሰምተው የጸሎት እናት እትዬ ሸዋገነት ብቅ አሉ። ዛሬ የማኅበር ተራቸው ነው፤ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥተው ማዶ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ሁዳዴ ስለሆነ እንቁላል፣ ወተት ወይም ቅቤ የነካው ነገር አይቀርብላቸውም። ካሚላ «የጾም የሙዝ ዳቦ እኔ እሠራልዎታለሁ» ያለች ቀን እትዬ አልጋነሽ የሚባሉ የማኅበሩ ሴት ሰምተው «ደሞ ጾማችንን የት ታውቀውና?» ብለው ነበር። እትዬ ሸዋገነት «ካሚላን እንደ ራሴ ነው የማምናት» አሏቸው፤ ካሚላ በር ላይ ሆና ሰምታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ምድጃ ሥር ያዋላት ይህ ቃል ነው።

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ!» ብለው እትዬ ሸዋገነት ግንባሯን ሳሟትና ዳቦውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይዘው ሄዱ።

ካሚላ እያንጎራጎረች ወጥ ቤቱን ማጽዳት ያዘች። የሙዙን ልጣጭ ፌስታል ውስጥ ልትከት ስታነሳው ከሥሩ ነጭ ነገር አየች። የእንቁላል ቅርፊት ነው፤ ገና አልደረቀም።

ክው አለች። መደርደሪያው ላይ ካለው የእንቁላል ሳህን ዛሬ አንስቶ የጠበሰም የቀቀለም የለም።

«ጸሎትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ጣቶቿን አፍተለተለች።

«መብራት ጠፍቶ ቆጣሪውን ለማየት ስወጣ ነው የጨመርሽው?»

«አንድ ብቻ ነው!» አለች ጸሎት። «ሴትዮዋኮ ሦስት ነው የጨመረችው። ትናንት አልቅሰሽ ነበራ! ዛሬም እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።»

ካሚላ ልትቆጣት አፏን ስትከፍት የወንድሟ ድምፅ ቀደማት። ሙስዓብ በር ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

«ፋራ አትሁኚ» አላት። «አንዲት እንቁላል ማን ያያታል? ደሞ ሳያውቁ ነው የሚበሉት። ሳያውቁ ከበሉ ምንም የለበትም።»

«እነሱ አያውቁም። እኔስ?»

ሙስዓብ ትከሻውን ሰበቀ።

ካሚላ ቅርፊቱን እንደያዘች ቆመች። እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ማለት በጣም አማራት። ዳቦው እንዲህ አምሮ! ደግሞ ብትናገር እትዬ አልጋነሽ «አላልኩም?» ማለታቸው አይቀርም፤ እትዬ ሸዋገነትም በሰው ፊት ሊያፍሩ ነው። ግን አምና በረመዳን እናቷ ተገላግላ ተኝታ ሳለች፣ ወር ሙሉ የማፍጠሪያ ሾርባ የሠሩላቸው እኚሁ እትዬ ሸዋገነት ናቸው። «የክርስቲያን ሥጋ ያልነካው ይሁን» ብለው ለዚሁ ሲሉ አዲስ ድስት ገዙ። ካሚላ ያን ሾርባ ስትጠጣ ድስቱ ምን ነክቶት ይሆን ብላ አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም።

ቅርፊቱን ጣለችና ግቢውን በሩጫ አቋረጠች።

ሴቶቹ ቆመው ይጸልዩ ነበር። እስኪጨርሱ በር ላይ ጠበቀች። «አሜን» ብለው ሲቀመጡ እትዬ ሸዋገነት ቢላ አነሱ።

«እትዬ፣ አይቁረሱት!»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«እንቁላል ገብቶበታል» አለች። «አሁን ነው ያወቅኩት። አጠገቡ ሆኜ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምን ብዬ ነበር?» አሉ እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ።

እትዬ ሸዋገነት ቢላውን አስቀመጡ። ማፈራቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል፤ ካሚላ በዚያች ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«እንቁላል እንዳለበት ማን ነገረሽ፣ አልጌ? ራሷ አይደለችም?» አሉ ቀስ ብለው። እትዬ ሸዋገነት ወደ ካሚላ ዞሩ። «ሙዝ ተርፎሻል?»

«አራት አለ። ግን እትዬ፣ ያለ እንቁላል ኩፍ አይልልኝም። ሊበላሽ ይችላል።»

«ይበላሻ! እኛ እንደሆንን ሳይመሽ አንነሳም።»

ካሚላ ዳቦውን ተቀብላ ተመለሰች። ጸሎት ወጥ ቤቱ ጥግ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ሙስዓብ የእንቁላሉን ሳህን አንስቶ፣ ሕፃን እጅ የማይደርስበት ቁም ሳጥን አናት ላይ ሊያወጣው እጁን ዘርግቷል።

«ተወው፣ ቦታው መልሰው» አለችው ካሚላ።

«ድጋሚ ብትከትብሽስ?»

ካሚላ እጅጌዋን ሰበሰበችና ባዶውን ጎድጓዳ ሳህን ጸሎት ፊት አስቀመጠች።

«ተነሽ፣ እጅሽን ታጠቢ። ሙዙን የምትደፈጥጪው አንቺ ነሽ።»