የሰባቱ አስተኚዎች ጉሮሮ

በጌልባና ምድር የመከር ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ከአምባው ጫፍ ብቅ ስትል፣ የመጀመሪያው አስተኚ ማዜም ጀምሮ ሳይጨርስ ድምፁ ተቋረጠ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ወዲያው ከገደሉ ሥር፣ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ተሰምቶ የማያውቅ ማጓራት ምድሩን አናወጠው። ዘንዶው ጉምዛር በእንቅልፉ ተገላበጠ።

ጌልባናን ከጉምዛር እሳት የሚጠብቃት ጦር አልነበረም፤ ሰባት አስተኚዎች በየንጋቱ ከገደሉ አፋፍ ቆመው የሚያዜሙት ዜማ ነበር እንጂ። አንድ ወር ሳይሞላ ከሰባቱ ስድስቱ ድምፃቸውን አጡ።

የቤተ መንግሥቱ ባለ ራእይ አደባባይ ላይ ቆሞ፣ «ይህ የስውር ኃጢአት ደመወዝ ነው! ስድስቱም ወደ ገደሉ ይወርወሩ!» ሲል ጮኸ።

በዚህ ጊዜ ታርሲላ ከሕዝቡ መካከል ወጣች። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ናት። ከዐሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ሥራዋ የሰው ጉሮሮ መመርመር ነበር። ረጅም እጀታ ያላትን ትንሽ የብር መስተዋት ሞቅ አድርጋ ወደ ሕመምተኛው አፍ ታስገባለች፤ የፀሐዩን ብርሃን ወደ ውስጥ ትመልሳለች፤ ያየችውንም በብራና ላይ ትሥላለች። የአዋጅ ነጋሪውን፣ የአልቃሿን፣ የገበያ ጯሂውን፣ በጠቅላላው የአራት መቶ ሰው ጉሮሮ ሥላለች። ሲያሾፉባትም ሲያመሰግኗትም ፊቷ አይለወጥም።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለች፣ «ስድስቱንም አይቻለሁ። በጉሮሯችን ውስጥ ድምፅ የሚወለድባቸው ሁለት ነጫጭ እጥፋቶች አሉ። በስድስቱም ሰዎች እጥፋቶች ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያክል እባጭ በቅሏል። ይህንኑ በአልቃሾች ላይም አይቼዋለሁ። ድካም እንጂ እርግማን አይደለም። ዜማው በቀን አንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ አምስት ጊዜ እንዲሆን አምና ያዘዙት እርስዎ ነዎት።»

ንጉሥ ሐርዳን ባለ ራእዩን በእጃቸው ገታ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ።

«መድኃኒቱስ?»

«አርባ ቀን ዝምታ።»

«አንድ አስተኚ ብቻውን አይበቃም፤ ሳምንት ሳይሞላ ጉምዛር ይነቃል!»

«ከገደሉ ሥር ወዳለው የዘንዶው ዋሻ ገብቶ፣ ከጆሮው ሥር ከንጋት እስከ ምሽት ያዜመለት ሰው ካለ፣ አርባ ቀን ይተኛል ይላል የጥንቱ መጽሐፍ። ግን የዋሻው ጢስ የዚያን ሰው ድምፅ ለዘላለም ይበላዋል።»

ሰባተኛው አስተኚ ሽማግሌው ቤልኩር ምርኳዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ! ይህን ጢስ የምጠጣው እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ሦስት ሆነው ወረዱ፦ ቤልኩር፣ ጉሮሯቸውን የምትጠብቀው ታርሲላ፣ እና የበሩ ዘበኞች አለቃ ጎርዳ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ከዋሻው አፍ ሲደርሱ፣ ክንፋም ጅቦች ከሰማይ ወረዱባቸው። ጎርዳ ሁለቱን በጦር ጣላቸው፤ ሦስተኛው ጭኑን ዘንጥሎት ሸሸ። ታርሲላ ቁስሉን አሰረችለት።

«ግቡ፣» አለ ጎርዳ ጥርሱን ነክሶ። «እኔ በሕይወት እያለሁ በዚህ በር የሚያልፍ የለም።»

ከመግባታቸው በፊት የቤልኩርን ጉሮሮ በማለዳው ፀሐይ አየችው። መስተዋቷን ቀስ ብላ አወጣች።

«አባ ቤልኩር፣ እጥፋቱ ደም ቋጥሯል። ከቀትር በፊት ድምፅዎ ይጠፋል።»

«እንግዲያው እስከ ቀትር አዜማለሁ።»

«ከቀትር በኋላስ?»

ሽማግሌው ወደ ዋሻው አንድ እርምጃ ሲራመዱ ታርሲላ ቀደመቻቸው።

«ዜማውን አውቀዋለሁ፤ የእኔ ጉሮሮ ደግሞ ጤነኛ ነው» አለች።

«ልጄ፣ ድምፅሽ እኮ አይመለስም!»

«አውቃለሁ» አለችና ብቻዋን ገባች።

ጉምዛር እንደ ወደቀ ተራራ ተጋድሟል፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል። ስታዜም ጋሻ የሚያክል ዓይኑ ተገለጠ። ዜማውን ግን አላቋረጠችም። ሕመምተኞቿን እንደምትመክረው ከሆዷ ተነፈሰች፣ ጉሮሮዋን አላስጨነቀችም። እኩለ ቀን ላይ ቀጭኑ ድምፅ ሄደ። ዜማውን ዝቅ አደረገችው። ከዚያ መካከለኛው ሄደ። የራሷን ሳይሆን የሌላ ሰው ሕመም የምትከታተል ይመስል፣ የሚጠፋውን በተራ በተራ አስተዋለች። ፀሐይ ስትጠልቅ የዘንዶው ዓይን ተከደነ።

ወጥታ «ጎርዳ!» ልትል አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ያን ጊዜ ብቻ ከዋሻው ደጃፍ ተቀምጣ አለቀሰች። ቤልኩር ነጠላቸውን አለበሷት፤ ጎርዳም፣ ቁስሉ እየጠዘጠዘው፣ ፊቱን አዙሮ ጠበቃት።

ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው ተቀበሏት። «የጌልባና ልጅ ሆይ፣ የመንግሥቴን እኩሌታ ብትጠይቂ አልነፍግሽም!»

እሷ ግን በብራና ጽፋ ሰጠቻቸው፦ «ሰባት ጉሮሮ የአገር ሸክም አይችልም። በጌልባና ዜማውን የማያውቅ ሰው የለም፤ የተከለከለ ሆኖ እንጂ። ክልከላው ይነሣና ሁሉም በየተራው ያዚም።»

በአርባ አንደኛው ቀን ንጋት ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና አንጥረኞች ከሰባቱ አስተኚዎች ጎን አፋፉ ላይ ቆሙ። ቤልኩር ዜማውን አነሡት፤ ሕዝቡም ተቀበላቸው። ታርሲላ በሰልፉ መካከል እየተዘዋወረች መዳፏን በየአንገቱ ታሳርፍ ነበር። የቤልኩር ንዝረት የጠራ ነው፤ አለፈቻቸው። ቀጥሎ የቆመው ሸክላ ሠሪ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ ይጮኻል። ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ እጇን ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደችለት። ሰውየውም ገባውና ድምፁን አለሰለሰ።