ሁለቱ ሜዳዎችና የፊቲያው ነፋስ

የብርሃነ ሥላሴ አስከሬን የተገኘው ስዊድን ውስጥ፣ ፊቲያ ከሚባለው ሰፈር ሕንጻዎች በታች፣ ትንሿ ጅረት ወደ ሜላረን ሐይቅ ከምትገባበት ዳር ነው። በግንባሩ ተደፍቷል፤ ራሱ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ነበር። የጭንቅላቱ ጀርባ ተፈንክቷል። አጠገቡ ደም የነካው የጎልፍ ዱላ ወድቋል፤ ዱላው የልጁ የሊዲያ ነው። ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ 1999 እ.ኤ.አ. ነበር።

«ልጅቱ የዚያን ዕለት ከአባቷ ጋር ተጣልታለች» አለ የመርማሪዋ የትርሓስ አለቃ። «ነገ ጠዋት እናስራታለን።»

«እንግዲያው እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለኝ» አለች ትርሓስ።

ሟቹ በሐይቁ ዳር ባለው መስክ ላይ ትናንሽ ቀይ ባንዲራዎች ተክሎ ነበር። ባለቤት አልባ ሆነውም ይርገበገባሉ። ትርሓስ ሊዲያን ወደዚያ ይዛት ወረደች። በአማርኛ ስትጠይቃት ልጅቱ በስዊድንኛ ትመልሳለች።

«ይሄ ሁሉ ባንዲራ ምንድን ነው?»

«የአባባ እብደት። አባባና ጓደኛው ጋሽ ደምመላሽ አንድ ክረምት ስኮትላንድ ሄደው በሁለቱ ታላላቅ የጎልፍ ሜዳዎች ተጫውተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ‹የትኛው ይከብዳል?› እያሉ ሲጨቃጨቁ ኖሩ። በመጨረሻ ሁለቱንም እዚህ ሠሯቸው። ይሄ ቀጥ ያለው ሴንት አንድሩስ ነው፤ ከሐይቁ ተነስተው ወደ ሕንጻዎቹ ይሄዳሉ፣ በዚያው መስመር ይመለሳሉ። ያኛው ካርኑስቲ ነው፤ ባንዲራ በተተከለበት በየጉድጓዱ አቅጣጫው ይዞራል። ጅረቷ ዘንድ የሚደርሰው እሱ ብቻ ነው።»

«አባትሽ የትኛው ይከብዳል ይል ነበር?»

«ሴንት አንድሩስ። ‹ስትሄጂ ነፋሱ ከኋላሽ እየገፋ ያታልልሻል፤ ስትመለሺ ፊት ለፊት ይጠብቅሻል› ይል ነበር። ጋሽ ደምመላሽ ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚመታው ካርኑስቲ ይብሳል ይላል።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ዱላዎቼን ሳይጠይቀኝ ይዞ ስለወጣ።» ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ለዱላ ብዬ!»

ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤታቸው አቶ ቶሎሳ እስኪጠየቅ አልጠበቀም።

«ሟቹ በኳሱ መስኮቴን ሁለቴ ሰብሮብኛል። እንደምጠላው ሰፈሩ ያውቃል። ግን ሰው ገድዬ እሑድ መዘምራን መሃል በምን ፊቴ እቆማለሁ?»

«ያን ምሽት የት ነበሩ?»

«መስኮቴ ሥር ነዋ! ሦስተኛውን ስጠብቅ። ሰዎቹን ዛፉ ጋርዶብኛል። ባንዲራዎቹን ግን አያለሁ። ነፋሱ ከቀትር እስኪጨልም ከሐይቁ ነው የነፈሰው፤ አንዴም አልዞረም። ባንዲራው ሁሉ ወደ እኔ ይጠቁም ነበር፤ እንደ ከሳሽ ጣት።»

ለቅሶው ቤት ደምመላሽ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም።

«ሴንት አንድሩስን ብቻ ተጫውተን ተለያየን» አለ። «በጅረቷ በኩል ዝርም አላልኩም።»

«ማን አሸነፈ?»

«እሱ። ነፋሱ ባይሆን የት ያገኘኝ ነበር! አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፤ መድረሻ አሳጣኝ።»

የሟቹ ሚስት ፋናዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ትታዋለች። ብርዱ ይገባል፤ የሚዘጋው ግን የለም።

«ለወንድሜ ለሞገስ ነው» አለች ትርሓስ ስትጠይቃት። «ከብርሃነ ሥላሴና ከደምመላሽ ጋር ከዓመታት በፊት በስደት ወደ ሱዳን ሲሻገር በረሃ ላይ ጠፋ። ነፋስ ሲነሳ ፉጨቱን እሰማለሁ። አብዳለች በይኝ።»

«አልልዎትም፣ እትዬ።»

«ባሌ ያን ቀን ሲወጣ ‹ስመለስ ስለ ሞገስ የምነግርሽ አለ› አለኝ። ይኸው፣ አልተመለሰም።»

አመሻሹ ላይ ትርሓስ አራቱንም ሳሎን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ሊዲያ የእናቷን እጅ ይዛለች።

«ዱላዎቹን ይዞ የወጣው ብርሃነ ሥላሴ ነው» ስትል ጀመረች፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «ስለዚህ ገዳዩ ሊዲያ ዘንድ መምጣት አላስፈለገውም፤ ከሻንጣው መምዘዝ ብቻ ይበቃው ነበር። የተመታው ከኋላ ነው፤ ጀርባውን የሰጠው ለሚያምነው ሰው ነው። ለአቶ ቶሎሳ ጀርባውን አይሰጥም።»

«መቼም አይሰጠኝ!» አለ ቶሎሳ።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ ሴንት አንድሩስን ብቻ ተጫወትን አሉኝ። ነፋሱ ከሐይቁ ሳይዞር ሲነፍስ ነበር። በዚያ መስመር ሲሄዱ ከኋላ ይመታዎታል፣ ሲመለሱ ከፊት። ታዲያ ግራና ቀኙ ከየት መጣ? ነፋሱ ካልዞረ የዞሩት እርስዎ ነዎት። የሚያዞረው ካርኑስቲ ነው፤ ካርኑስቲ ደግሞ ጅረቷ ዘንድ ያደርሳል። የተሸነፈ ጎልፍ ተጫዋች ነፋሱን ይከሳል። እርስዎም በልማድ ከሰሱት፤ እሱ መሰከረብዎት።»

ደምመላሽ ዓይኑን ከበሩ ነቅሎ ወደ ፋናዬ ዞረ።

«ውሃው ለሦስት አይበቃም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሞገስ ተኝቶ ሳለ ኮዳውን ይዤበት ተነሳሁ። ብርሃነ ሥላሴን ‹ሞገስ ቀድሞናል› ብዬ አስከተልኩት። ኋላ እውነቱን ሲያውቅ ለእኔ ብሎ ዝም አለ። ያን ቀን ግን ‹ከእንግዲህ አልችልም፣ እነግራታለሁ› ብሎ ወደ ቤቱ ዞረ።»

ሊዲያ ቀና አለች። በአማርኛ ስትናገር ትርሓስ ገና መስማቷ ነበር።

«ጋሼ፣ የትኛው ይከብዳል?»

«አባትሽ ልክ ነበር» አለ። «መመለሱ።»

ፋናዬ ተነሳች። በቀስታ ሄዳ በሩን ዘጋችው። ነፋሱ ከውጭ ገፋው፤ እሷ ግን እጇን ከመያዣው ላይ አላነሳችም።