ጭቃ ያልነካቸው ጥርሶች

የወንድሟ አስከሬን የተገኘው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከድልድዩ አጠገብ ባለው ቦይ ውስጥ ነው። ሄልሜቱ እንደታሰረ ነበር፤ አንገቱ ግን ተሰብሯል። ባለ ሞተር ስኬትቦርዱ በጭቃ ተለውሶ አጠገቡ ተገልብጧል። እኅቱ ከሥራ ቦታዋ በሩጫ ስትደርስ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው የወንድሟ ፊት ላይ ሳይሆን የቦርዱ ሆድ ላይ ነው። ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኙት ሁለቱም ቺንጋዎች ተበጥሰው ተንጠልጥለዋል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት!» ብላ ጭቃው ላይ ተዘረፈጠች።

እንዲህ የምትልበት ምክንያት አላት። ቦርዱን ሦስት ሆነው ነው የሠሩት፤ እሷ፣ ታናሽ ወንድሟና እጮኛዋ። ሞተሩን የመረጠችው እሷ ናት። እጮኛዋ «ጎማው ውስጥ የሚቀበር ሞተር ይሁን፤ ቺንጋ የለው፣ የሚበጠስ ነገር የለው» እያለ ጠዋት ማታ ሲጨቀጭቃት፣ እሷ «አቀበት ላይ ጉልበት ያንሰዋል፣ ቶሎም ይግላል» ብላ እምቢ አለች። ከቦርዱ ሥር ሁለት ሞተር አሰረችና የእያንዳንዱን ጉልበት በቺንጋ ወደ ኋላ ጎማዎች አሻገረች። ፍሬኑም ያው ሞተሩ ነው፤ ጎማውን የሚይዘው በቺንጋው በኩል ነው። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል ብላ ነበር ሁለት ያደረገችው። ሁለቱም ባንዴ ይበጠሳሉ ብሎ ማን ያስባል?

እጮኛዋ ከጭቃው አነሳት። አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘውም፣ ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው። እንባዋን በአውራ ጣቱ እየጠረገ «ተይ የኔ ቆንጆ፣ እንዲህ አትበይ። ያኔ ብትሰሚኝ ኖሮ... ተይው አሁን» አላት። ምነው ዝም ባለ! ተይው ያላት ነገር አንጀቷ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ።

በነጋታው ጠዋት መርማሪው ጋራዣቸው መጣ። አጭር፣ ወፍራም፣ ጉንፋን የማይለቀው ሰውዬ ነው፤ ጃንጥላውን ረስቶ እንደተመለሰ እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ ይናፈጣል። ቦርዱን ከነጭቃው በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞታል።

«እኔ ብስክሌት እንኳ መንዳት አልችልም» አለ። «እንደ ሕፃን አስረጂኝ፣ ልጄ። ማን ምን ይሠራል?»

«ሞተርና ቺንጋ የእኔ ነው፣ ጋሼ። ባትሪ የእጮኛዬ ነው። ወንድሜ ይነዳል።» ራሷን አረመች። «ይነዳ ነበር።»

«ባትሪ ምን ሥራ አለው? ይሰካል፣ ይሞላል።»

«ጢም ብሎማ አይሞላም!» አለች፤ እንዲያ ተሰብራም ሥራዋ ሲነካ ትቆጣለች። «ቤታችን ቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያንን የሚቀበለው ባትሪው ነው። ጢም ብሎ ከሞላ የት ይቀበላል? ባትሪው እንዳይበላሽ መቆጣጠሪያው ራሱ ፍሬኑን ይለቀዋል። ለዚህ ነው ከባትሪው አራት መብራት ሦስቱ ሲበሩ ከቻርጅ የምንነቅለው።»

«ጉድ ነው!» አለ መርማሪው እየተናፈጠ። «እኔ የሞላ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስለኝ ነበር።»

ጎረቤታቸው ጡረተኛው ሳይጠሩት መጣ። ወታደር ሆኖ ባያውቅም፣ ከጩኸቱ የተነሣ ሰፈሩ ኮሎኔል ይለዋል።

«ልጁ በዚያ ቦርድ ጩኸት ጆሮዬን ሲበሳኝ ከርሟል። ገደል ግባ ብዬዋለሁ፣ አልክድም!» አለ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። «ይገባል ብዬ ነው እንዴ?»

«ትናንት ጠዋት እዚህ ገብተው ነበር?» አለው መርማሪው።

«ምን ልሠራ? የት ጋ እንደሚነካም አላውቅ። ልጁ ግን ከአንድ ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ። ‹ዛሬ ማታ ለእኅቴ እነግራታለሁ› ይላል። ሰውየውን አጥሩ ጋረደብኝ።»

እጮኛዋ እጁን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገ ነው የተጠየቀው። «ባትሪውን እንደ ሁልጊዜው በሦስት መብራት ነቅዬ ሰጠሁት። ልጁ ሲዘገይብኝ ተከትዬው ወረድኩ። ጉዱ ያለው ቺንጋው ላይ ነው። እሷን ግን አትጫኗት፤ አውቃ አይደለም።»

«ስትደርስ ቺንጋዎቹ ተበጥሰው ነበር?»

«ሁለቱም። እኔ ምንም አልነካሁም።»

መርማሪው ቦርዱ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከዚያ «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ አስቀመጣቸው።

«ነይ እስቲ፣ ልጄ። ይህ ባለ ጥርሱ ክብ ምን ይባላል?»

«ፑሊ። ቺንጋው የሚጠመጠመው እሱ ላይ ነው።»

«ጠጋ ብለሽ እይልኝ።»

አጎነበሰች። ከፑሊው ጥርሶች ገሚሶቹ በደረቀ ጭቃ ተደፍነዋል። ቺንጋው የሚያቅፋቸው ጥርሶች ግን ንጹሕ ናቸው። የወዲያኛውም ጎማ ፑሊ እንደዚያው።

«ጭቃው ሲገባ ቺንጋዎቹ ቦታቸው ላይ ነበሩ» አለች ቀስ ብላ። «የተቆረጡት... ቦይ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።»

«ጎሽ። እኛ እስክንደርስ እዚያ የነበረው አንድ ሰው ነው። ኮሎኔል እዚህ አጥራቸው ሥር ነበሩ፤ አንቺ ከሥራ ስትደርሺ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ከቦ ያይሽ ነበር።»

«ታዲያ ፍሬኑ ለምን አልያዘም?» አለ ኮሎኔሉ።

መርማሪው የባትሪውን ቁልፍ ተጫነ። አራቱም መብራቶች ቦግ አሉ።

«ረስቼው ይሆናል!» ብሎ እጮኛዋ ብድግ አለ። «ሰው አይረሳም?»

«ይረሳል። የረሳ ሰው ግን ያለቅሳል እንጂ ቢላ አያወጣም። ልጁ መብራቱን አላየም፤ ካንተ እጅ የተቀበለውን አይመረምርማ። አምኖሃል።» መርማሪው መሐረቡን አጣጠፈ። «የምትሠራበት ፋብሪካ ሄጄ ነበር። ሊያመርቱት ያሰቡትን ቦርድ አሳዩኝ። የእሷ የሞተር አቀማመጥ፣ የእሷ ቺንጋ፤ ሠሪው ግን አንተ ነህ አሉ። ልጁም ባለፈው መጥቶ አይቶታል፤ ‹ለእኅቴ እነግራታለሁ› ያለህ ይህንኑ ነው። ለእሷ ቺንጋ አይረባም እያልክ፣ ለእነሱ በቺንጋ አቀረብክላቸው። እሷ ከተወችው የኔ ነው የሚል አይኖርማ!»

እጮኛዋ ወደ እሷ ዞረ። «ቢበዛ እግሩ ቢሰበር ነው ያልኩት። ዝም እንዲል ላግባባው፣ ጊዜ ላገኝ...»

«እኔንስ?» አለች። «ቺንጋውን ስትቆርጥ፣ ዕድሜ ልኬን ወንድሜን ገደልኩ እያልኩ እንድኖር ነው የፈረድክብኝ።»

«አብሬሽ እሆን ነበር። አጽናናሽ ነበር።»

አይ ሰው! ይህን ያለው ከልቡ ነው፤ የባሰው እሱ ነው። አተኩራ አየችው፤ ያፈቀረችውን ሰው ፊቱ ላይ ፈልጋ አጣችው።

«እንባዬን የጠረግከው በየትኛው እጅህ ነው?» አለችው። «በቆረጥክበት?»

እጆቹን ኪሱ ውስጥ ሊከት ሲል መርማሪው ያዛቸውና ካቴና አጠለቀባቸው። ሲወስደው ኮሎኔሉ የተጨማደደ መሐረብ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። ተቀበለችውና እንባዋን ራሷ ጠረገች።