የረቡዕ በረራ

ሂክማ ኸይሩን ያወቀችው የመን ውስጥ፣ «በሳቲን» በሚባል የስደተኞች ሰፈር፣ በፈቃዳቸው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ስደተኞች በሚመዘገቡበት ቢሮ ነው። አባቷ የመናዊ፣ እናቷ የኮምቦልቻ ሰው ስለነበሩ በአስተርጓሚነት ትሠራ ነበር። እሱ ደግሞ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወሎ ገጠር የወጣ ወጣት ነው። ፉቁም በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ከጀልባ እንደወረደ ደላሎች አንድ ግቢ ውስጥ አሰሩት፤ በሁለተኛው ወር አመለጠ።

መጀመሪያ ቢሮው የመጣ ቀን የደረሰበትን ሲናገር፣ የአሳሪዎቹን መልክ ሳይቀር ሲያስመዘግብ፣ አንዴም ቀና ብሎ አላያትም። በሳምንቱ ግን ጉዳይ ሳይኖረው መጣ። በማግስቱም መጣ። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ ስትወጣ እስከ ታክሲው ይሸኛታል። ብዙ አያወሩም፤ ዝምታው ግን ለሁለቱም ይጣፍጣቸው ነበር።

አንድ ከሰዓት ታላቅ ወንድሟ ራሺድ በመኪና ሊወስዳት መጣ። ኸይሩ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው። ምነው?»

«ፉቁም ላይ ካሰሩን አንዱ እሱ ነው» አላት በቀስታ።

ራሺድም አውቆታል። ከመኪናው ሳይወርድ ፈገግ አለለት።

በማግስቱ የመመለሻውን ፎርም ራሷ ሞላችለት።

«በፈቃድህ ነው የምትመለሰው?»

«በፈቃዴ ቢሆንማ አንቺን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«ኸይሩ፣ እዚህ ከቆየህ ወላሂ ይገድሉሃል። አዎ በል።»

«አዎ» አለ። ቀጥሎም፣ «ትመጫለሽ?»

«ኢንሻአላህ።»

ከሳምንት በኋላ ራሺድ ጫማውን እያወለቀ፣ «ያ ልጅ እቢሮሽ ስማችንን ጠርቷል አሉ። በረራው መቼ ነው?» ሲል ጠየቃት። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ይበልጥ ያስፈራትም ይኸው ነው።

«ሐሙስ።»

በረራው ረቡዕ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ልትሸኘው አልሄደችም፤ ከሄደች ወንድሟ ይከተላታል። ለራሺድ የሚወደውን ዓሣ በሩዝ ሠርታ ምሳ አቀረበችለት። እየበላ ሳለ አውሮፕላን በቤቱ ላይ አለፈ። ራሺድ እጁን ከሳህኑ አንስቶ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ፤ ከዚያ እሷን አያት።

«ሐሙስ አላልሽኝም?»

ውሃ ቀዳችለት።

ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ በፎጣ አደረቀ።

«ፓስፖርትሽን አምጪ።»

አምጥታ ሰጠችው። ኪሱ ከትቶ ወጣ። ማምሻውን ሲመለስ ምን እንደሚያደርጋት አታውቅም። ኸይሩ ግን ሄዷል። «አልሐምዱሊላህ» አለች ለራሷ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበርና ቁጭ ብላ የተረፈውን ሩዝ በላች።