ሰማንያ ስምንት ላይ የቆመው ክብደት

አቶ ኪዳነ ወልድ ሞተው ተገኙ ቢባል ውሸት ነው። ሲሞቱ ሰው አይቷቸዋል። ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን ረፋድ ላይ፣ ላብ አጥምቋቸው እየተንቀጠቀጡ፣ አንድ ልጃቸውን ገሊላን «አንቺ ማነሽ?» ብለው ጠይቀው ነው ያረፉት። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሮጣ ስትደርስ ስኳራቸውን ለካች፤ ሃያ አንድ። የደህና ሰው ከሰባ በታች አይወርድም።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ቀየት ከተማ ስትደርስ ከጓሳ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር። ለቀስተኛው በጉሙ ውስጥ ቆሞ ይንሾካሾካል። የሚለውም አንድ ነገር ነው፤ ልጅቱ በመድኃኒት ገደለቻቸው። ገሊላ እጇን በካቴና ታስራ በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጣለች። ቀኑ ሳይመሽ ወይ ወህኒ ትወርዳለች፣ ወይ አባቷን ትቀብራለች።

«የስኳሩን ኪኒን የምትሰጪያቸው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፤ በየጠዋቱ። አንድ ነበር። ካለፈው አሥር ቀን ወዲህ ሦስት ሆነ። ክብደትዎ አልቀንስ ስላለ ይጨምሩ ብሎኛል ትዕዛዙ አሉኝ።»

ትዕዛዙ የቀየት መድኃኒት ሻጭ ነው። ጋቢውን አጣፍቶ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጧል። «እኔ አንድ ነው ያልኩት፤ እግዜር ያውቃል» አለ። «እንዴት ያለ አፍ ነው!» አለች ገሊላ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ሟቹ ሄደች። አስከሬኑ ገና አልተገነዘም። ጎንበስ ብላ ቀበቶውን አየች፤ በሚስማር የተበሱ ሁለት አዲስ ቀዳዳዎች አሉት። ከራስጌ ያገኘችውን የክብደት ካርድ ገለጠች። ሐምሌ ዘጠና ሁለት፣ ነሐሴ ዘጠና፣ መስከረም ሰማንያ ስምንት፣ ጥቅምትም ሰማንያ ስምንት፣ ኅዳርም ያው።

ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ዓምደ ሚካኤል ዞረች። «አባ፣ የነቢያትን ጾም ይጾሙ ነበር?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ኧረ ተዉ፣ ሕመምተኛ ነዎት ብያቸው ነበር። ክብደቴ ቆሞ እንዴት እበላለሁ አሉኝ።»

«ሲመዘኑ አይተዋል?»

«በኅዳር ትዕዛዙ ዘንድ አብረን ነው የሄድነው። እኔን ጫማዬን እንኳ አስወልቆ ነው የመዘነኝ። እሳቸውን ግን ብርድ ነው፣ የሱፍ ባናዎን አያውልቁ አላቸው። እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው ብዬ ነበር።»

«በጥቅምትስ?»

«ጋቢ ለብሰው ነበር» አለች ገሊላ። «በመስከረም ሸሚዝ ብቻ።»

«ከትዕዛዙ ጋር ደህና ነበሩ?»

ልጅቱ ወደ ትዕዛዙ ተመለከተች። «መስከረም ላይ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሲሸጥ ደርሰውበት ነበር። እስከ ገና ካላስወገድክ ለወረዳው እናገራለሁ አሉት። በኋላ ግን ይቅርታ ጠይቆኛል ብለው አመኑት።»

ሰርካለም አንዱን ፖሊስ ጠርታ የትዕዛዙን ሚዛን እንዲያመጣ ላከችው። ሚዛኑ እስኪመጣ ማንም ከግቢው አልወጣም። ትዕዛዙ ሁለት ጊዜ ሊነሳ ሞክሮ ሁለቴም አስቀመጡት።

ሚዛኑ ሲመጣ ሁሉንም ቤት ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እኔም ስኳር አለብኝ» አለች። «ክብደቴ አልነቃነቅ ብሎኝ ምግብ ልተው ስል ሐኪሜ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን ለብሰሽ ተመዘንሽ ብሎ ነው። ከዚያ የእግር መንገድ አስጨመረኝ። ኪኒኑን ግን ስትከሺ እኔው እቀንስልሻለሁ፣ በራስሽ እንዳትነኪው አለኝ።»

የሟቹን ጋቢ ሚዛኑ ላይ አኖረች፤ ሁለት ኪሎ። አንስታ ባናውን ጣለች፤ አራት።

«ሰውዬው በየወሩ ሁለት ሁለት ኪሎ ይቀንሱ ነበር። አንተ ደግሞ የቀነሱትን ያህል ታለብሳቸዋለህ። ቆመዋል ያልካቸው ቀን ሰማንያ አራት ገብተው ነበር፤ ለዚህ ነው ቀበቶ የሚበሱት። ሌላውን ሁሉ እያስወለቅክ እሳቸውን ብቻ ለምን ተውክ?»

«አዝኜላቸው ነዋ!»

«ካርዱ እንደሚለው ድሮ በየወሩ ሠላሳ ኪኒን ነበር የምትሰጣቸው። ባለፈው ዘጠና ሰጠህ።»

«የሦስት ወር ነው!»

«በካርዱ ላይ ይመለሱ ያልከው ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ነው፤ በገዛ እጅህ ጽፈህ። ዘጠና ኪኒን በአንድ ወር፤ በቀን ሦስት መሆኑ ነው። ከስተው፣ እህል ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየዋሉ። ጾሙ ሲገባ እንደማይቆዩ ታውቅ ነበር።»

«ሱቄን ሊያዘጉብኝ ነበር» አለ ትዕዛዙ በመጨረሻ። ቄስ ዓምደ ሚካኤል ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ካቴናው ከገሊላ እጅ ወጥቶ ትዕዛዙ እጅ ላይ ገባ። ቅድም ሲንሾካሾኩ ከነበሩት ሴቶች አንዷ እግሯ ሥር ወድቃ ይቅር በይኝ አለቻት። ገሊላ አልሰማቻትም።

«ነጻ ነሽ» አለቻት ሰርካለም። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሂጂ፣ አባትሽን ቅበሪ።»

«ዛሬስ ደክሞኛል፣ ይቅርብኝ ብለውኝ ነበር» አለች ልጅቱ። «ተቆጥቼ ነው ያስዋጥኳቸው።»

ኢንስፔክተሯ አጠገቧ መደቡ ላይ ተቀመጠች።