ባለቀይ መስመሩ ካፖርት

የበረደው ወደዚህ ጠጋ ይበል። ያልበረደውም ጠጋ ይበል፤ ታሪኩ የካፖርት ነው።

ደብረ ብርሃን ብርዱ አይጣል ነው። እዚያ ትርሲት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ናኦድ የሚባል ትንሽ ወንድምም ነበራት።

ናኦድ ሰኞ ትምህርት ቤት ይጀምራል። ካፖርት ግን የለውም።

«እኔ እሰፋለታለሁ» አለች ትርሲት። ስታድግ ልብስ ሰፊ መሆን ትፈልጋለች፤ እስክታድግ መጠበቅ ግን አትፈልግም።

እናቷ የአባቷን አሮጌ ካፖርት ከሳጥን አወጣች። ክርኑ ተቀዷል፤ ሌላው ደህና ነው። «በይ እንግዲህ፣ ተጠንቀቂ። ሌላ ጨርቅ የለንም» አለቻት።

ትርሲት ካፖርቱን ታቅፋ፣ ናኦድን አስከትላ ጎረቤት ሄደች። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ እትዬ አስካለ ናቸው። መኪናቸው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ትር… ትር… ትር…

እትዬ አስካለ ጨርቅ አይጥሉም። ጣት የምታህለዋን ቁራጭ ሳይቀር ጆንያ ውስጥ ይከቷታል። «ትጠቅመናለች» ይላሉ።

«እትዬ፣ መስፋት ያስተምሩኛል?» አለች ትርሲት።

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩአት። «አስተምርሻለሁ። ግን አሥር ጊዜ ለኪ፣ አንድ ጊዜ ቁረጪ።»

ትርሲት ናኦድን ለካችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥር ጊዜ! ናኦድ ሜትሩ እየኮረኮረው ይስቃል።

ከዚያ በጠመኔ መስመር አሰመረች። ይኼኔ ደንበኛ መጣና እትዬ አስካለ ወደ በሩ ሄዱ። «ሳልመጣ እንዳትቆርጪ» አሏት።

ትርሲት ትንሽ ጠበቀች። በጣም ትንሽ።

«አሥር ጊዜ ለክቼ የለ?» አለችና መቀሱን አነሳች። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ልክ መስመሩ ላይ።

የቆረጠችውን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ለናኦድ አለበሰችው። አንድ እጁ በግድ ገባ። ሌላው ግን እምቢ አለ።

«ጠበበኝ» አለ ናኦድ።

ትርሲት ጨርቁን ጎተት ጎተት አደረገችው፤ አልሆነም። ሌላ ጨርቅ የለም። ሰኞ ደግሞ ነገ ነው። ጠረጴዛ ሥር ገባችና አለቀሰች።

እትዬ አስካለ ተመለሱ። ናኦድን አዩት፤ ጠረጴዛው ሥርም አዩ። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ቀይ፣ ድብልብል የመርፌ መሰኪያቸውን አሳዩአት።

«ይኼ ምን ይመስልሻል?»

«የመርፌ መሰኪያ» አለች ትርሲት፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«የመጀመሪያ እጅጌዬ ነው። እንዳንቺ ቸኩዬ ልክ መስመሩ ላይ ቆረጥኩት። የድመት እጅ እንኳ አልገባበትም።»

ትርሲት ሳቋ መጣ።

«ስፌት ይበላል፣ የኔ ልጅ። ስንቆርጥ ከመስመሩ ወጣ ብለን፣ ለስፌቱ አንድ ጣት እንተውለታለን። እናቴ ግን እጅጌዬን አልጣለችውም። ‹ትጠቅመናለች› ብላ ጥጥ ሞላችበት።»

እፎይ… አለች ትርሲት። እትዬ አስካለም ተሳስተው ያውቃሉ ማለት ነው። ከጠረጴዛው ሥር ወጣች።

እትዬ አስካለ ጆንያውን ዘረገፉት። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጠብጣብ፣ ሁሉም አለ። «የጠበበውን እናሰፋዋለን። ምረጪ፤ ካፖርቱ ያንቺ ሥራ ነው» አሏት።

ትርሲት ቀዩን መረጠች። አሥር ጊዜ ለካች። ለስፌቱ አንድ ጣት ተወችለት። መቀሱን ይዛ ግን ቁጭ አለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«እርስዎ እንዲያዩልኝ።»

አዩላት። «አሁን ቁረጪ» አሏት። ቀጭ!

ቀዩ ጨርቅ በጎንና በጎኑ፣ በእጅጌውም ገባ። የትርሲት እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አይደርስም። እትዬ አስካለ ረገጡ፣ እሷ ጨርቁን መራች። ትር… ትር… ትር…

ናኦድ ለበሰው። አንድ እጁ ገባ፤ ሌላውም ገባ። ቁልፉም ተቆለፈ።

«ሞቀኝ» አለ ናኦድ።

እፎይ… አለች ትርሲት። እፎይ… አሉ እትዬ አስካለ።

ማታ ናኦድ ካፖርቱን አላወልቅም ብሎ፣ እንደለበሰው ተኛ። እናቱ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለት።

ትርሲትም ጎኑ ተኛች። በእጇ ቀይ ነገር ይዛለች፤ ጣት የምታህል ቁራጭ።

«ይቺስ ትጣል?» አለች እናቷ በቀስታ።

ትርሲት ዓይኗን እንደጨፈነች ፈገግ አለች።

«ትጠቅመናለች» አለች።

ታሪኬን መልሱ፣ ካፖርታችሁን ልበሱ።